የፅንስ ልብ ያለ ሽቦ ሲደመጥ፦ ከጣራ ገዳም ሥር እስከ ደብረ ታቦር

በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከጣራ ገዳም ደን ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ ጫፍ ባሉት ጤና ጣቢያዎች፣ ሥራ የበዛበት ሌሊት በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ይህን ይመስላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። አዋላጅ ነርሷ አንድ፣ ወላዶቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያዋ ምጧ ገና አልፋፋመም። የሁለተኛዋ የማሕፀን በር 7 ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል። ሦስተኛዋ መግፋት ጀምራለች። እናትና አማት በር ላይ ቆመው "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ። አዋላጇ ከሁለተኛዋ አልጋ ጎን በርከክ ብላ ቀንድ መሳዩን ፌቶስኮፕ ሰፊውን አፍ ከሆዷ፣ ጠባቡን ከጆሮዋ ታገጥማለች።

"እስቲ ለአንድ ደቂቃ ዝም በሉልኝ፣ እናቶቼ።"

ዓይኗ ከሰዓቱ ላይ አይነሳም። አንድ እጇ የእናትየዋን አንጓ ይዟል፤ የምትሰማው የልጁ ልብ ይሁን የእናቱ የደም ሥር ምት ለመለየት ነው። ቆጥራ ሳትጨርስ ከሦስተኛው አልጋ "ሲስተር! ሲስተር!" የሚል ጩኸት ይመጣል። ቀና ትላለች። የጀመረችው ቆጠራ እዚያው ይቀራል።

አዋላጇ ሰነፍ ወይም ቸልተኛ አይደለችም። ሥራው ራሱ ከአንድ ሰው ጆሮ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ጤነኛ ሆና ምጧ በራሱ የመጣ እናት ንቁ ምጥ ውስጥ ከገባች በኋላ የፅንሱ ልብ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው መደመጥ አለበት፤ መግፋት ስትጀምር ደግሞ በየ5 ደቂቃው። እያንዳንዱ ማድመጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይወስዳል። እንግዲህ ሦስተኛዋ ወላድ ብቻዋን በሰዓት 12 ጊዜ መደመጥ ይገባታል፤ ሁለተኛዋ ከ2 እስከ 4 ጊዜ። በመካከሉ የደም ግፊት ይለካል፣ ግሉኮስ ይሰቀላል፣ የምጥ መከታተያው ቅጽ ፓርቶግራፍ ይሞላል፣ የተወለደ ሕፃን ይጠረጋል፣ እንግዴ ልጅ ይጠበቃል። በአገራችን የማዋለጃ ክፍሎች ልጁ ከተወለደ በኋላ ተሞልቶ የሚገኝ ፓርቶግራፍ ለማንም ባለሙያ እንግዳ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለዚህ ክፍተት መፍትሔ ተብሎ ከሚቀርበው አንዱ በእናትየዋ ሆድ ላይ ታስሮ የፅንሱን ልብ ያለ ሽቦ የሚያደምጥ መሣሪያ ነው። ይህ ዘገባ የሚያነሳው ጥያቄ መሣሪያው ምን ያህል ዘመናዊ ነው የሚል አይደለም። በደቡብ ጎንደር ደጋና ቆላ፣ መብራት በሚጠፋበትና ኔትወርክ በማይታመንበት ሥፍራ፣ የትኛው ዓይነት ለየትኛዋ እናት ይጠቅማል? ሕይወት እንዲያድንስ ከጎኑ ምን መኖር አለበት?

ልቡ ምን ይናገራል?

ምጥ በመጣ ቁጥር የማሕፀን ጡንቻ ይኮማተራል። በጡንቻው መካከል አልፈው ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ይጨመቃሉ፤ ለአፍታም ቢሆን ለፅንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። ምጡ ሲረግብ ደሙ ይመለሳል። ጤነኛ ፅንስ ይህን ለሰዓታት ይችለዋል፤ የተሠራውም ለዚህ ነው። የልቡ መደበኛ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ሲሆን፣ በዚህ ክልል ውስጥ ከፍና ዝቅ እያለ መሄዱ ራሱ የጤንነት ምልክት ነው።

ችግሩ የሚመጣው አቅም ሲያልቅ ነው። የእናትየዋ ደም ግፊት ከፍ ያለ ከሆነ፣ እንግዴ ልጁ ከደከመ፣ እትብቱ ከተጨመቀ፣ ምጡ አላግባብ ከረዘመ፣ ወይም ምጥ ለማፋጠን የተሰጠው ኦክሲቶሲን ማሕፀኑን ዕረፍት ከነሳው፣ ፅንሱ በአንዱ ምጥ ያጣውን ሌላው ከመምጣቱ በፊት መተካት ያቅተዋል። ያኔ ልቡ ምጡ ጣራ ከደረሰ በኋላ ይወርዳል፤ ምጡ ካለፈም በኋላ ወደ ቦታው ለመመለስ ይዘገያል። ለአዋላጅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ምልክት ይህ ነው።

እዚህ ላይ የፌቶስኮፑ ድክመት ይታያል። መመሪያው በምጡ ጊዜና ምጡ ካለፈ በኋላ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ አድምጪ ይላል። ምጥ በያዛት ሴት ሆድ ላይ ግን ጠንካራ ቀንድ መጫን ያማታል፤ ትገላበጣለች፣ እጅ ትገፋለች። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚደመጠው ምጡ ረገብ ሲል ነው። ያ ደግሞ የደከመ ልብ እንኳ ደህና መስሎ የሚሰማበት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ፌቶስኮፑ የሚያሰማው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እናቲቱ አትሰማም፣ አጋር ባለሙያ አይሰማም፣ የሚመዘገብ ነገር አይቀርም። አዋላጇ "140" ብላ ከጻፈች 140 ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያህል ሕይወት ነው የምንለው? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ባወጡት ግምት መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ሞተው ተወልደዋል። ከእነዚህ 45 በመቶ ያህሉ የሞቱት ምጥ ከጀመረ በኋላ ነው። እናታቸው ጤና ተቋም ስትደርስ ብዙዎቹ በሕይወት ነበሩ፤ ልባቸው ይመታ ነበር። ከሞት ተርፈው ታፍነው የሚወለዱት ደግሞ አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ሳምንት ይሞታሉ፤ ሌሎቹ እድሜ ልካቸውን ከአንጎል ጉዳት ጋር ይኖራሉ። በኢትዮጵያ በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 33ቱ 28 ቀን ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አመልክቷል። ከሦስት ዓመት በፊት ቁጥሩ 29 ነበር።

ከቀንድ ወደ ሞገድ

የፅንስን ልብ ማድመጥ 200 ዓመት ያስቆጠረ ጥበብ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ በ1816 እ.ኤ.አ. ስቴቶስኮፕን ከሠራ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የአገሩ ልጅ ዣክ ለ ዡሞ ደ ኬርጋራዴክ መሣሪያውን በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ አድርጎ ፈጣኑን ምት እንደሰማ በፓሪስ ለሕክምና ባለሙያዎች አስረዳ። ዛሬም በየጤና ጣቢያችን ያለው ቀንድ የሚጠራው በሌላ ፈረንሳዊ፣ በአዶልፍ ፒናር ስም ነው። ከእንጨት ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ ባትሪ አይፈልግም፤ ቢወድቅ አይበላሽም። ብዙ አዲስ መሣሪያ መጥቶ ሲሄድ እሱ የቆየው ለዚህ ነውና ሊናቅ አይገባም።

ኤሌክትሮኒክሱ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሆን በ1958 እ.ኤ.አ. የፅንስን ልብ ያለማቋረጥ መከታተያ ዘዴ አስተዋወቀ፤ በኡራጓይ ሮቤርቶ ካልዴይሮ ባርሲያ፣ በጀርመን ኮንራድ ሃማኸር በየፊናቸው ተመሳሳይ ሥራ ሠሩ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሲቲጂ የሚባለው መሣሪያ ለገበያ ቀረበ። ሁለት ክብ ማዳመጫዎች በሆድ ላይ ይታሰራሉ። አንዱ የልብ ምቱን፣ ሌላው የምጡን ብርታት ይለካል፤ ሽቦዎቹ ወደ ማሽኑ ይሄዳሉ፤ ማሽኑም ሁለቱን መስመሮች በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ያወጣል።

ሽቦው ግን እናቲቱን ከአልጋ አሰራት። በጀርባ መተኛት ደግሞ ለምጥ አይበጅም። ከባዱ ማሕፀን ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫነው ለፅንሱም የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ የ2013 እ.ኤ.አ. የኮክሬን ግምገማ እንዳሳየው፣ በምጡ የመጀመሪያ ክፍል ቆመው የሚንቀሳቀሱ ሴቶች ምጣቸው ከተኙት በአማካይ ከአንድ ሰዓት በላይ ያጥራል። የእኛ አገር የልምድ አዋላጆች ምጥ የያዛትን ሴት "ተነሺ፣ ወዲህ ወዲያ በይ" ሲሉ የኖሩት ከልምድ የመጣ ትክክለኛ ምክር ነበር።

በ1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በርሚንግሃም የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረ። 68 ወላዶች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ አልጋ ላይ ሆነው ክትትል ተደረገላቸው፤ ግማሾቹ የፅንሱን ምት በሬዲዮ ሞገድ የሚልክ መሣሪያ ይዘው ይራመዱ ነበር። የተራመዱት ምጣቸው አጠረ፤ የሕመም ማስታገሻ የፈለጉትም ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ ሽቦ አልባ ክትትል ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ዛሬ የተለወጠው መጠኑ፣ ዋጋውና የባትሪው አቅም ነው።

አሁን ያሉት መሣሪያዎች ሁሉም አንድ አይደሉም። ለገዢም ለለጋሽም መጀመሪያ ግልጽ መሆን ያለበት ይህ ነው። አንዳንዶቹ የድሮው ሲቲጂ ሆነው ሽቦው ብቻ በሬዲዮ የተተካ ነው፤ እናቲቱ ክፍል ውስጥ ትንቀሳቀሳለች፣ ማሽኑ ግን ጥግ ላይ ቆሞ መብራትና የራሱን ወረቀት ይፈልጋል። ሌሎቹ እንደ ሲቲጂው የድምፅ ሞገድ አይልኩም። በሆድ ቆዳ ላይ እንደ ፕላስተር ተለጥፈው የእናትንና የፅንስን ልብ የኤሌክትሪክ ምልክት ይለቅማሉ፤ ልጁ ቢገላበጥም ቦታ መለወጥ አያሻቸውም። ተለጣፊያቸው ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ በየወሊዱ አዲስ መግዛት ያስፈልጋል። ከጃፓን ካጋዋ የመጣው ትንሹ ሲቲጂ ደግሞ በመዳፍ የሚያዙ ሁለት ማዳመጫዎች አሉት፤ ያነበቡትን ወደ ታብሌት፣ ከዚያም በኢንተርኔት ሩቅ ወዳለ ሐኪም ይልካሉ። ተራራማዋ ቡታን ከሩቅ መንደር ያሉ እናቶችን ከስፔሻሊስት ጋር ለማገናኘት ተጠቅማበታለች።

ለእኛ ሁኔታ በጣም የሚቀርበው ግን ሌላው ዓይነት ነው። የኖርዌዩ ሌርዳል ግሎባል ሄልዝ ከታንዛኒያ ሐኪም ቤቶች ጋር እየፈተነ ያወጣው ሞዮ የሚባል መሣሪያ ከእጅ ስልክ ትንሽ ከፍ የሚል ሳጥንና ሆድ ላይ በሰፊ ጥብጣብ የሚታሰር ማዳመጫ ነው፤ የደጋ ሴት መቀነቷን እንደምትታጠቀው ይታጠቁታል። ድምፅ እየላከ የሚመለሰውን ያነባል፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ተሞልቶ በባትሪ ይሠራል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ያለፈውን ግማሽ ሰዓት ምት በስክሪኑ ያሳያል፤ ከመደበኛው ሲወጣ ይጮኻል። እናቲቱ ጣቶቿን ስታሳርፍበት የራሷን ልብ ምት ለብቻው ያወጣል። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የሞተን ፅንስ በሕይወት እንዳለ አድርጎ የማየት ስሕተት የሚመጣው የእናትን ምት የልጅ አድርጎ ከመቁጠር ነው።

ማንቂያው ጮኸ፤ ከዚያስ?

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሀብታሞቹ አገሮች በዚህ መንገድ ሄደው የከፈሉት ዋጋ አለ። በ1985 እ.ኤ.አ. በደብሊን ወደ 13,000 በሚጠጉ ወላዶች ላይ የተደረገው ትልቅ ጥናት ውጤቱን ሲያወጣ ብዙዎችን አስደነገጠ። ያለማቋረጥ በማሽን መከታተል በጨቅላዎች ላይ የሚታየውን የሚጥል መንቀጥቀጥ በግማሽ ቀነሰ፤ የሞትን ቁጥር ግን አልቀነሰም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው የኮክሬን ግምገማ ከ37,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ 13 ጥናቶችን መርምሮ እዚያው ደረሰ። መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ ሞትና የአንጎል ሽባነት አይለወጡም፤ ቀዶ ሕክምና ግን በ63 በመቶ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ ሆና ምጧ በራሱ ለመጣ እናት የማያቋርጥ ሲቲጂ የማይመክረው ለዚህ ነው።

ምክንያቱ ለመረዳት ከባድ አይደለም። ማሽኑ ብዙ መስመር ያወጣል፤ አብዛኛው የተዛባ መስመር ሲታይ ልጁ ደህና ነው። ሐኪም ደግሞ የተዛባ መስመር እያየ መጠበቅ ይከብደዋል። በኢትዮጵያ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት 2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ከ20 በመቶ በላይ ነበሩ። በአንድ አገር ውስጥ፣ አንዷ እናት ሳያስፈልጋት ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል፤ ሌላዋ እያስፈለጋት አታገኝም። የበዛ ቀዶ ጥገና ለቀጣዩ እርግዝና የሚተወው ጠባሳ ደግሞ ገጠር ላለች፣ ገና ብዙ ለምትወልድ ሴት ቀላል ነገር አይደለም።

በአፍሪካ የተደረጉት ሙከራዎችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ወደ 2,000 በሚጠጉ ሴቶች ላይ በእጅ እየተዞረ የሚሠራ፣ በድምፅ ሞገድ የሚያደምጥ ዶፕለር ከፒናር ቀንድ ጋር ሲነጻጸር፣ ዶፕለሩ የተዛባ ምት ይበልጥ አገኘ፤ በሕፃናቱ ዕጣ ላይ ግን ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አልመጣም። በታንዛኒያም የታሰረው መሣሪያ የተዛባ ምት ቶሎ አገኘ። እናቶቹ ልጃቸው ደህና መሆኑን መስማታቸው እንዳረጋጋቸው ሲናገሩ፣ ስለ መሣሪያው በቂ ማብራሪያ እንዳልተሰጣቸው የገለጹም ነበሩ። ቶሎ ማወቅና ልጁን ማትረፍ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መሣሪያው የሚሠራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ሥራ ማን ይሠራል? የመጀመሪያዎቹ እጆች የአዋላጇ ናቸው። እናቲቱን በግራ ጎኗ ታስተኛለች፤ ኦክሲቶሲን እየተሰጠ ከሆነ ታቆማለች፤ እትብት ቀድሞ ወጥቶ እንደሆነ ትመረምራለች፤ የደም ግፊቷንና ትኩሳቷን ትለካለች፤ የሽርት ውሃው አረንጓዴ እንደሆነ ታያለች። ልጁ ሊወጣ ከደረሰ በቫኩም ታግዛለች። ታፍኖ ከወጣ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳታልፍ በፊኛና ጭምብል ታናፍሰዋለች። ይህን ሁሉ ጤና ጣቢያ ውስጥ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ሕይወትም የሚተርፈው እዚሁ ነው። ምቱ ካልተመለሰ ግን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ያኔ ጥያቄው የመንገድ ይሆናል።

ከሊቦ ከምከም ቅርቡ የአዲስ ዘመን ሆስፒታል ነው። ከዚያ በላይ ከተፈለገ በወረታ አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወይም ወደ ጎንደር፣ ወይም ወደ ባሕር ዳር። እስቴ በመካነ ኢየሱስ፣ ላይ ጋይንት በንፋስ መውጫ የየራሳቸው ሆስፒታል አላቸው። በወረቀት ሲታይ ቅርብ ነው። መሬቱ ግን ሌላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲሄዱ መንገድ እየጠረጉ ወራት የፈጀባቸው በዚሁ ገደልና ሸለቆ ነው። ዛሬም ከጉና ተራራ እግር ሥር ካሉ ቀበሌዎች ወላድ በቃሬዛ ትወርዳለች፤ ጎረቤት እየተቀባበለ እስከ አስፋልቱ ያደርሳታል። ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያለብሱታል፤ አምቡላንስ የማይደርስበት ቀበሌ ይበዛል።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ያቆሙት መላ የእናቶች ማቆያ ነው። ቀኗ የተቃረበ ሴት ከጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ባለው ቤት ትቆያለች፤ ገንፎው እዚያው ይገነፋል፣ ቡናው እዚያው ይፈላል። ሌላው መላ በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሥልጠና ነው። ጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ ሠልጥነው ስፔሻሊስት በሌለበት ወረዳ ቀዶ ጥገና ያደርጋሉ። የጤና መኮንን ሙያ ራሱ የተወለደው በዚህ አካባቢ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። ሽቦ አልባው መሣሪያ ትርጉም የሚኖረው ከእነዚህ ጋር ሲያያዝ ነው። በአዲስ ዘመን የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ በሌለበት ሌሊት፣ ጤና ጣቢያ ላይ የሚጮህ ማንቂያ ለአዋላጇ የሚጨምርላት ጭንቀት ብቻ ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ

መረጃውን ወደ ሩቅ ሐኪም የሚልከው ዓይነት ለገጠር የተፈጠረ ይመስላል። ደብረ ታቦር ያለ ስፔሻሊስት በስልኩ የአንድ ጤና ጣቢያን ወላድ መስመር አይቶ "ቶሎ ላኪያት" ወይም "ትንሽ ጠብቂ" ቢል ብዙ ሪፈር ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገውም ይፈጥናል። ሐሳቡ መልካም ነው።

ነገር ግን ያሳለፍናቸውን ዓመታት መርሳት አይገባም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ በሰሜኑ ጦርነት ስትያዝ ሆስፒታሏ ተዘርፏል፤ ጉዳትም ደርሶበታል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ወላድ ቤቷ ቀርታለች፤ መድኃኒት ሳይደርስ ቀርቷል። በእነዚያ ወራት ሥራው በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ከቀንዱ ያነሰ ጥቅም ነበር የሚሰጠው፤ ቀንዱ ቢያንስ አይቋረጥም።

ስለዚህ ምርጫው ግልጽ ይመስለናል። ለደቡብ ጎንደር ጤና ጣቢያ የሚሆነው መሣሪያ ሁሉን ነገር እዚያው፣ በእናቲቱ ሆድና በአዋላጇ ዓይን መካከል የሚጨርስ መሆን አለበት። ኔትወርክ ሲኖር ቢልክ መልካም፤ ከሌለ ግን መሥራቱን አያቁም። መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ሌሊቱን የሚያደርስ ባትሪ፣ ወይም በሶላር የሚሞላ። በየወሊዱ የሚጣል ፕላስተር ወይም ከውጭ የሚመጣ ልዩ ወረቀት የማይጠይቅ። ብዙ የተለገሰ ሲቲጂ በየሆስፒታሉ ጥግ በአቧራ ተሸፍኖ የሚገኘው ወረቀቱ ስላለቀ ወይም አንዲት ማዳመጫ ስለተሰበረች ነው። ጥብጣቡም መታጠብ አለበት፤ ከአንዷ ደም ወደ ሌላዋ እንዳይሻገር በየጊዜው በበረኪና የሚጸዳ መሆኑ ሲገዛ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው።

መሣሪያው ሁለት ብቻ ካለስ ለማን ይታሰር? ወረፋ ይዛ ለመጣች ሁሉ አይደለም። ደም ግፊቷ ከፍ ላለ፣ ቀድሞ በቀዶ ለወለደች፣ ምጥ ማፋጠኛ ለተሰጣት፣ ቀኗ ላለፈ፣ የሽርት ውሃዋ ለቆሸሸ፣ ደም ለፈሰሳት፣ ፅንሷ ከዕድሜው ላነሰ። ለቀሩት በቀንድ ወይም በእጅ ዶፕለር በሰዓቱ ማድመጥ ይበቃቸዋል፤ አዋላጇም ጊዜ የምታገኘው ከባዶቹን መሣሪያው ስለሚጠብቅላት ነው። መሣሪያው ያለ ሽቦ ስለሆነ የታሰረችውም ሴት አልጋ ላይ አትቸነከርም። ትቆማለች፣ ግድግዳ ትደገፋለች፣ እናቷ ወገቧን ታሻታለች።

ይህ የመጨረሻው ከቅንጦት መቆጠር የለበትም። በ2016 እ.ኤ.አ. በጤና ተቋም የወለዱት የኢትዮጵያ እናቶች 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. 48 በመቶ ደረሱ። ቀሪዎቹ ቤታቸው ከሚቀሩባቸው ምክንያቶች ርቀቱ አንዱ ነው፤ ሌላው በብርድ ክፍል ውስጥ በጀርባ ተኝታ፣ ዘመድ ተከልክሎ፣ ሰው ሲወጣና ሲገባ መዋረድ ነው። የልጇን ልብ በጆሮዋ የምትሰማ፣ እንደፈለገች የምትንቀሳቀስ፣ "አይዞሽ የኔ እናት፣ ይኸው ልጅሽ" የምትባል ሴት ለሚቀጥለው እርግዝና ትመለሳለች፤ እኅቷንም ታመጣለች።

በባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቀበላቸው ሴቶች ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲገቡ ያገኟቸው ሴቶች ለቀናት አምጠው፣ ልጃቸው ሆድ ውስጥ ሞቶ፣ ሽንት መቆጣጠር አቅቷቸው ከሰው የተገለሉ ነበሩ። ረጅም ምጥ የሚገድለው ልጅም የሚጎዳት እናትም በአንድ መንገድ ነው የሚመጡት። የሐምሊን አዋላጆች ኮሌጅ በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ጉዳቱን ከመስፋት በፊት ምጡን መከታተል ይሻላል ተብሎ ነው። ያ ውሳኔ ከየትኛውም መሣሪያ በፊት የሚመጣ ነው፤ አዋላጅ ሳይጨመር መሣሪያ ብቻ ቢታደል የሌሊቷ ተረኛ ሦስት ወላድ እንዳላት ትቀራለች።

መሣሪያው የሚገባባቸው ተቋማት ጥቅሙን መለካት የሚችሉት በአንድ ቀላል መዝገብ ነው። የኢትዮጵያ ጤና ሥርዓት የእናቶችንና የጨቅላዎችን ሞት እየመረመረ መንስኤውን የሚያጣራበት አሠራር አለው። በዚያ ምርመራ ላይ ለእያንዳንዱ ሞቶ ለተወለደ ልጅ አራት ነገር ይጻፍ። እናቱ ስትገባ ልቡ ይመታ ነበር? ለመጨረሻ ጊዜ በሰዓቱ የተደመጠው መቼ ነው? መዛባቱ ከታወቀበት እስከተወለደበት ስንት ደቂቃ ሄደ? በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ምን ተጠበቀ፤ አምቡላንስ፣ ደም፣ ማደንዘዣ ወይስ የሰው ፈቃድ? በአዲስ ዘመንና በደብረ ታቦር የአንድ ዓመት መልስ ቢሰበሰብ፣ የሚቀጥለው በጀት መሣሪያ ይግዛ፣ ነዳጅ ይግዛ ወይስ አንዲት አዋላጅ ይቅጠር የሚለውን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በቁጥር መወሰን ይችላል።